ለልጄ፦ ስለ ጓደኛሽ የሰም ሻማ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጓደኛሽ የንብ ሰም ሻማ እየሠራች በጣና ዳር ላሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ልታቀርብ መነሣቷን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። 50 ኪሎ ሰም በአንዴ ልትገዛ ነው ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት ይህን አንብቢላት።

ለመጀመሪያ 5 ኪሎ ይበቃታል። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ፣ ማለትም ከጠጅ የሚቀረውን ያልነጠረ ሰም፣ የምትገዛ ከሆነ በኪሎው ርካሽነት አትታለል። ሰፈፍ ውስጥ እድፍም ውሃም አለ፤ እውነተኛ ዋጋውን የምታውቀው አንጥራ የወጣውን ስትመዝን ነው። ሰፈፉን በስስ ጨርቅ ቋጥራ ውሃ ውስጥ በለስላሳ እሳት ታሙቀው፣ ቋጠሮውንም በሁለት እንጨት መሀል ትጭመቀው። የዝናብ ውሃ ካገኘች እሱ ይሻላል፤ ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሰሙን እንደ ሊጥ ያላቁጠዋል። ብረት ድስት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ መዳብም ቀለሙን ያበላሸዋል፤ የማይዝግ ድስት ትያዝ። እሳቱን ካጠፋች በኋላ ድስቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ ታሳድረው። ጠዋት ሰሙ ከላይ ረግቶ እንደ ድፎ ዳቦ ተነሥቶ ይወጣላታል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፍቃ፣ ዳግም አቅልጣ በአሮጌ ነጠላ ታጥልለው። ሰፈፉን ሳታነጥር አታቆየው፣ ብል ይገባበታል። የተነጠረው ግን ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። ስለዚህ ሥራው ከያዘላት በኋላ ዋናው ማር በሚቆረጥበት በጥቅምትና በኅዳር ገዝታ ለጥምቀትና ለፋሲካ ታስቀምጥ።

ተነጥሮ የተሸጠላት ከሆነ ደግሞ ትፈትነው። ጠንከር ያለ አረቄ በብርጭቆ ቀድታ፣ ንጹሕ መሆኑን የምታውቀውን የሰም ቅንጣት ትጣልበት፤ ይሰጥማል። ውሃ በጠብታ እየጨመረች ታማስለውና ቅንጣቱ መሀል ላይ ሲንጠለጠል ታቁም። ከዚያ የተጠራጠረችውን ትክተትበት። እሱ ሽቅብ ወጥቶ ከተንሳፈፈ ፓራፊን (ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም) ወይም ሞራ ገብቶበታል። ሞራ ያለበት ጣት ላይም ይቀባል፣ ሻማው ሲጠፋም ይሸታል። እሷም ብትሆን ፓራፊን ቀላቅላ «ንጹሕ ሰም» ብላ አትሽጥ። ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛ ሰው ሰሙን ጠይቆ፣ አሽትቶ ነው የሚገዛው፤ አንዴ ካወቀባት አይመለስም።

ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ በትንሽ ድስት ይቀመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃችን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ውሃው ተንኖ እስካላለቀ ድረስ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ቢሆንም ከ85 በላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይሄዳል፤ የ70ዎቹ መጀመሪያ ይበቃዋል። እሳት ከያዘው ክዳን ይደፋበት፣ ምድጃው ይጥፋ። ውሃ በፍጹም! የሚነድ ሰም ላይ ውሃ ከተደፋ ነበልባሉ ፊት ላይ ይወረወራል። ክዳኑ ሁልጊዜ ከአጠገቧ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር ፈትሉ ነው። ጀማሪ ሁሉ ስለ ቅርጽና ስለ ቀለም ያስባል፤ ሻማን ሻማ የሚያደርገው ግን ፈትሉ ነው። የንብ ሰም ከፓራፊን ይልቅ ወፈር ያለ ፈትል ይፈልጋል። ጥጥ ይሁን፣ ከተገመደ ይልቅ የተጎነጎነ ይሁን፤ ጉንጉን ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ጎንበስ ብሎ ራሱን ይበላል። ሻማው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከር፤ አረፋው ወጥቶ ሲያልቅ አውጥታ ወጥራ ታድርቀው። ከዚያ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ሦስት ሻማ ትሥራ፦ አንዱ ከ12፣ አንዱ ከ18፣ አንዱ ከ24 ክር የተጎነጎነ ፈትል ያለው። ሦስቱንም ነፋስ በሌለበት አብርታ አንድ ሰዓት ትጠብቅ። በፈትሉ ዙሪያ የምታርፈውን የቀለጠች ኩሬ ትያት። ኩሬዋ ጠባብ ሆና ነበልባሉ ጉድጓድ እየቆፈረ ከወረደ ፈትሉ ቀጥኗል። ካጨሰና ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ጥቀርሻ ካበጠ ወፍሯል። ልኩ ኩሬዋ ጠርዝ አካባቢ ደርሳ ሳትፈስ ስትቆም ነው። የክሩን ቁጥር ከሻማው ስፋት ጋር በደብተር ትጻፍ። ስፋቱን በለወጠች ቁጥር ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል። ለገዢም ትንገር፦ ከማብራቱ በፊት ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ ይቁረጠው፤ የሐይቁ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይም አያብራው፣ በአንድ ጎኑ ይፈሳል።

ሰም ሲረጋ ይሸማቀቃል። ስለዚህ ከመቶ አሥር እጅ ያህሉን አስቀርታ፣ በፈትሉ ዙሪያ ሲሰረጉድ ገና ሞቅ እያለ ትሙላው። ቶሎ እንዲበርድ ብላ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችው ይሰነጠቃል። ከሳምንታት በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ቢታይ አትደንግጥ፣ በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል።

የታንኳ ቅርጽ ያሰበችው ቆንጆ ነው። ግን ረጅም ስለሆነ አንድ ፈትል አይበቃውም፣ ሁለት ይሁንለት፤ ያለዚያ ጫፎቹ ሳይነዱ ይቀራሉ። መስቀልና ቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ግን ተይው በይልኝ። ሲነድ ሥዕሉ ይቀልጣል፤ ሰው ያዝናል፣ ልክም ነው።

ስለ ዋጋው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሻማ 47 ግራም ያህል ሰም ይጠጣል፤ ከአንድ ኪሎ የሚባክነው ተቀንሶ 20 ይወጣል። ለምሳሌ ንጹሑ ሰም በኪሎ 600 ብር ቢገባት፣ በእያንዳንዱ ሻማ ውስጥ 30 ብር አለ ማለት ነው። ፈትል፣ ከሰል፣ ማሸጊያ፣ ባጃጅና የእጇ ሰዓት ይጨመርበት። የባለሱቁንም ድርሻ ከመጀመሪያው ትደምር፣ አለበለዚያ ከራሷ ኪስ ነው የሚወጣው። «ሲሸጥ እንከፍላለን» ለሚል ሱቅ ከ10 በላይ አትስጥ፣ አስፈርማም ትስጥ። ፀሐይ የሚመታው መስታወት ውስጥ እንዳያስቀምጡት ትለምናቸው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሻማው አንገቱን ይደፋል።

ለፋሲካ ስትመጪ ከሦስቱ የሙከራ ሻማዎች የተረፈውን ይዘሽልኝ ነይ። ጥሩውን ብቻ ሳይሆን ያጨሰውንም፤ ፈትሉን ፈትቼ ላየው እፈልጋለሁ።

እናትሽ