ከሥዕሎቹ ጀርባ ያሉ ባለሙያዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሙዚየም ስንጽፍ የተሰቀለውን ሥዕል እንጂ ሰብስቦና መዝግቦ ያቆየውን ሰው እምብዛም አናነሳም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የእንጨት ሥዕላተ አድኅኖን (በእንጨት ላይ የተሣሉ ቅዱሳት ሥዕሎችን) ያየ ሁሉ፣ የፖላንድ ተወላጁን ስታኒስላው ሆይናትስኪን ሊያስታውስ ይገባል። የያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት እኚህ ሰው (ሥራቸው የጀመረው ከመጻሕፍት ነበር!) ሙዚየሙን ከመምራታቸውም በላይ፣ በኢትዮጵያ ሥዕል ላይ ያደረጉትን ሰፊ ጥናት በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለውን የጎንደር ዘመን የኋለኛ የሥዕል ስልት፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ቀይ በሚሸጋገር መደቡ (የሥዕሉ የጀርባ ቀለም) ከቀደመው የጎንደር ስልት ለይቶ ማወቅ የዓመታት ዓይን ይጠይቃል። ጋዜጣዎ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባለሙያዎች በተከታታይ ቢያስተዋውቀን ምንኛ ደስ ባለን።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ