ከስድስት ክረምት በኋላ፣ ለእህት ዓለሜ

እህት ዓለሜ፣

«እንዴት ከረምሽ» የሚባለው አንድ ክረምት ለተለያየ ሰው ነው። ስድስት ክረምት ዝም ያለች ሴት በምን እንደምትጀምር ግን የሚያስተምር የለም። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ቤይሩት፣ ሐምራ ሰፈር ሳለን የአንቺን ሰገነትና የእኔን ሰገነት የሚለየው የልብስ ማስጫው ሽቦ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ እያሰጣሽ ከሽርጥሽ ኪስ ደብተር አወጣሽና ስለ እናትሽ የገጠምሽውን አነበብሽልኝ። እኔም «ግጥም እንጀራ አይሆንም፤ ይልቅ የሦስት ወር ደመወዝሽን ጠይቂ» አልኩሽ። ደብተሩን መልሰሽ ኪስሽ ከተትሽው። ከዚያ በኋላ ስለ ገበያ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ አገር ቤት ስለሞተው ሰው ሁሉ አወራን፤ ግጥም ግን አላነበብሽልኝም። አገርሽ ስትገቢም ጠፋሁብሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ራሴም አላምነው፤ አፍሬ ነው።

የምጽፍልሽ ያን አነጋገሬን ልመልስ ነው። ያስመለሰኝ ሰው ማሕሙድ ዳርዊሽ የሚባል ፍልስጥኤማዊ ገጣሚ ነው። ስሙን ሳታውቂ ግጥሙን አንጎራጉረሻል። የእናንተ ሹፌር መኪና ሲያጥብ የሚከፍታት፣ ሊባኖሳዊው ማርሴል ኸሊፌ የሚዘፍናት፣ የእናቴ ዳቦ ናፈቀኝ፣ የእናቴ ቡና ናፈቀኝ የምትለዋ የእርሱ ናት። ያኔ አንቺም እኔም ዜማውን እንጂ ቃሉን አናውቅም ነበር።

ቃሉን ያሳወቁኝ የማስታምማቸው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ጂዶ፣ አያቴ እንደ ማለት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በልጅነታቸው ከሐይፋ የወጡ፣ ኋላም መምህር የነበሩ ሰው። መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የዐረብኛ ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር። «ኹብዝ» ሲሉኝ ከቅዳሴ የማውቀው «ኅብስት» ትዝ አለኝ፤ «ኡም» ሲሉ ደግሞ የግእዙ «እም»። ይህን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና «ታዲያ ዘመድ ቤት ነው የምትሠሪው» አሉ። ደመወዙ ግን የዘመድ አልነበረም።

ዳርዊሽ ያችን ግጥም የጻፋት እስር ቤት ሆኖ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ የምትጠላው ይመስለው ነበር። እስር ቤት ድረስ ቡና ይዛ ስትመጣለት ነው እንደምትወደው የገባው። ሕዝቡ ኋላ እናቲቱን አገር አደረጋት፤ ፍልስጥኤም ናት አለ። እርሱ ያለው ግን እናቱን፣ ሑሪያን ነበር። እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ። ሁሉ ነገር ምሳሌ ከሆነ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ልጅነቱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1941 አካ አጠገብ አል-ቢርዋ በምትባል የገሊላ መንደር ተወለደ። በ1948 ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ። ከዓመት ገደማ በኋላ ተደብቀው ሲመለሱ መንደሪቱ የለችም፤ ፈርሳለች። እስራኤል ሕዝብ ስትቆጥር አልነበሩምና ሕጓ «በሥፍራው ያለ ቀሪ» የሚል ስም አወጣላቸው። እስቲ አስቢው፤ አስተማሪው ስምሽን ሲጠራ «አቤት» ብለሽ እጅሽን አውጥተሽ «ቀሪ» ተብሎ ሲጻፍብሽ።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው የእስራኤል ነጻነት በትምህርት ቤት ሲከበር ግጥም እንዲያነብ አደረጉት። እርሱም ለአንድ አይሁዳዊ ልጅ የሚናገር ግጥም አነበበ፤ አንተ ቤት አለህ፣ እኔ የለኝም፤ አንተ በዓል አለህ፣ እኔ የለኝም፤ ለምን አብረን አንጫወትም የሚል። በማግስቱ ወታደራዊው አስተዳዳሪ አስጠርቶት እንዲህ ዓይነት ነገር መጻፍ ካልተወ አባቱ ከድንጋይ ካባው ሥራ እንደሚባረር ነገረው። ይህን ስሰማ አንቺ ፊቴ ድቅን አልሽብኝ። እኔ ግጥም እንጀራ አይሆንም አልኩሽ፤ አስተዳዳሪው ግን ግጥም እንጀራ እንደሚያሳጣ ያውቅ ነበር። ከእኔ ይልቅ እርሱ ለግጥም ክብር ሰጥቷል።

አንድ ከሰዓት ጂዶ «ይህ በይት ነው፣ ቤት» አሉኝ፤ ጣታቸው ያረፈው ግን አንድ ስንኝ ላይ ነው። ለካ በዐረብኛ የግጥም ስንኝ ራሱ ቤት ይባላል። እኛም ግጥሙ ቤት መታ፣ ቤት አልመታም እንላለን። ስንት ዓመት ስንለው አስበነው እናውቃለን? ቤቱን ላፈረሱበት ሰው ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም።

ዝነኛ ያደረገው በ1964 የወጣው የመታወቂያ ካርዱ ግጥም ነው፤ በመዝጋቢው ጸሐፊ ፊት ቆሞ መዝግብ፣ ዐረብ ነኝ የሚለው። ፓስፖርታችን በማዳሞቻችን መሳቢያ ተቆልፎበት ለኖርነው ለእኛ የሚብራራ አይደለም። የገረመኝ ኋላ የሆነው ነው። ቤይሩት መጥቶ ግጥም ሲያነብ ሕዝቡ ያችኑ አንብብልን እያለ ቢጮህ እምቢ ይል ነበር። ዐረብነቱን ለሚክደው ጸሐፊ የተጻፈውን ለዐረብ ጉባኤ ማንበብ ለእርሱ ፉከራ ነው። ክብር ማለት ይህም ይመስለኛል፤ በበደልሽ ብቻ እንዳትታወቂ እምቢ ማለት። ስለ ለውዝ አበባ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት ሲጽፍ «ትግሉን ተወ» የሚሉት ነበሩ። ልክ አልነበሩም።

ፖለቲካውን አልፈዋለሁ፤ በ1988 አልጀርስ ላይ የታወጀውን የፍልስጥኤም የነጻነት መግለጫ የጻፈ፣ በ1993 ደግሞ የኦስሎን ስምምነት ተቃውሞ ከፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ የወጣ ሰው መሆኑ ይበቃል።

ቡናውን ግን አላልፈውም። በ1982 ቤይሩት ስትከበብ እዚሁ ነበር። ስለ አንዲት የነሐሴ ቀን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቦምብ እየዘነበ እርሱ የሚለምነው አምስት ደቂቃ ተኩስ እንዲቆምለት ነው፤ ቡና ሊያፈላ። ወጥ ቤቱ ባሕሩን በሚያይ መስተዋት በኩል ለመድፍ የተጋለጠ ነው። ውኃው እንዴት እንደሚሞቅ፣ ቡናው በማንኪያ እንዴት እንደሚጨመር፣ አረፋው እንዴት እንደሚጠበቅ ገጽ በገጽ ይተርካል። መጀመሪያ ሳነብበው ቀብጦ ነው አልኩ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 መስከረም፣ እስራኤል ቤይሩትን ስትደበድብ፣ ማዳሜ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ተራራው ስትወጣ እኔን ከቁልፉ ጋር ትታኝ ሄደች። ከዳሕየ፣ ከከተማው ደቡባዊ ዳርቻ፣ የሚመጣው ፍንዳታ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው ተነሥቼ ያችን እነርሱ ረክዌ የሚሏትን ባለረዥም እጀታ ማፍያ እሳት ላይ ጣድኳት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አረፋው ግን አልገነፈለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ለራሱ ቡና የሚያፈላ ሰው ገና ሰው ነው፤ «ተጎጂ» ተብሎ አልተቆጠረም።

በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ የእስራኤል የትምህርት ሚኒስትር የነበረው ዮሲ ሳሪድ ከግጥሞቹ አንዳንዶቹ በትምህርት ቤት እንዲሰጡ ሐሳብ ቢያቀርብ አገር ተነዋወጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባራክ ጊዜው ገና ነው አሉ። ጂዶ ይህን ሲያወሩልኝ ከአስተዳዳሪው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጣታቸው ቆጠሩና «ሃምሳ ዓመት፣ ያው ልጅ» ብለው ዝም አሉ።

በነሐሴ 2008 አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ልቡን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ67 ዓመቱ አረፈ፤ ራመላህ ተቀበረ። በዚያች በእናቱ ግጥም ውስጥ ዕድሜዬን የምወደው ብሞት የእናቴ እንባ ስለሚያሳፍረኝ ነው ይላል። አልቀናውም፤ እናቱ በሕይወት ሳለች ቀደማት። ጂዶ እዚህ ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር።

እኔ እዚያው ነኝ፤ አሁን በሰዓት ተከፍሎኝ ሦስት ቤት እሠራለሁ፤ ፓስፖርቴም በእጄ ነው። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል። እማማ እንዴት ናቸው? ልጅሽስ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?

ያ ደብተር አለ? ስለ እናትሽ የገጠምሽው የመጀመሪያው ቤት እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፤ አንሶላ ባሰጣሁ ቁጥር እለዋለሁ። ሁለተኛው ግን ጠፍቶብኛል። እባክሽ ላኪልኝ።

ያችው የሰገነት ጎረቤትሽ፣
ከቤይሩት