የቅዳሜው የወረቀት ሊጥ ሥራ፦ ሐሙስ ማታ ወረቀት ንከሩ

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በተለመደው አዳራሻችን ከአሮጌ ወረቀት የግድግዳ ጌጥ እንሠራለን።

ሊጡ በዕለቱ አይደርስም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ግማሽ ባልዲ ያህል ወረቀት በጣታችሁ ቀዳድዳችሁ በሙቅ ውሃ ንከሩ። መቀስ ይቅር፤ የተቀደደ ጠርዝ ቃጫው ስለሚላላ ቶሎ ይርሳል። ጋዜጣና የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተመራጭ ናቸው፤ የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ግን ውሃ በደንብ አይጠጣም። ዓርብ ማታ ፈጭታችሁ ወይም አሽታችሁ በጨርቅ ጭመቁት። ስትጨብጡት የጣቶቻችሁን ቅርጽ ይዞ ከቀረና ውሃ ካላንጠባጠበ ደርሷል። የተረፈውን ውሃ ወደ መታጠቢያ ገንዳ አትድፉ፤ ቱቦ ይደፍናል።

ነጭ ኮላ፣ ቀለምና የካርቶን መደብ ከመዋጮው ተገዝቷል። እናንተ ሊጡን፣ ሽርጥና አሮጌ ማንኪያ ይዛችሁ ኑ።

ባለፈው ሊጡን አወፍረን ውስጡ ሳይደርቅ ሻገተ፤ የእኔማ ወፍ ሳትቀባ አረንጓዴ ሆነች። አሁን ከ1 ሴንቲ ሜትር አናልፍም። የማንጠልጠያ ሽቦውንም ሊጡ እርጥብ እያለ እንቀብራለን። መድረቂያው ቀናት ስለሚወስድ ቀለም የምንቀባው በቀጣዩ ቅዳሜ ነው።

አንድ ትልቅ የጋራ ሥራ ይሻላል ወይስ ለየብቻ? እኔ ለጋራው አደላለሁ። ምርጫችሁንና መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።