ሞተሩን ከማውጣትዎ በፊት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የእንግሊዝ ሥሪት የሆነችውን የስፖርት መኪናዎን የኤምጂቢዋን ሞተር እቤት አውጥተው ሊያድሱት መነሳትዎን ስሰማ ደስ አለኝ። ቢሆንም ሥራው ከባድ ስለሆነ የማውቀውን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድኩ። ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙልኝ፦ ሞተር ማውጣትና ሞተር መበታተን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምኑ ተከፍቶ ምኑ ሳይነካ እንደሚቀር የሚወስነው ልኬት ነው፤ ዋነኞቹ ልኬቶች ደግሞ የሚወሰዱት ሞተሩ ገና መኪናዋ ላይ ሆኖ ሲሠራ ነው።

ሞተሩን በደንብ ያሙቁትና አራቱንም ካንዴላዎች ይፍቱ። የኮይሉን ገመድ ነቅለው፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው አስረግጠው ይዘው በሞተሪኖ እያዞሩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ይለኩ። ጤነኛ ሞተር 11 ባር አካባቢ ያሳያል። መለኪያዎች እርስ በርስ ስለሚለያዩ በቁጥሩ ብዙ አይጨነቁ፤ ዋናው ነገር በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ አለመብለጡ ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩት። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት ነው። ካልተለወጠ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው እንደተቃጠለ ይጠርጥሩ።

የዘይት ግፊቱንም ሞተሩ ሙቅ ሳለ ይጻፉት፤ በጉዞ ላይ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ ቤንዚን ሳይሰጡት በዝግታ ሲዞር ከ10 እስከ 25 ፒኤስአይ ሊሆን ይገባል። ጭሱን ደግሞ ልብ ብለው ይዩት። ቆሞ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ ከጠፋ ዘይቱ በቫልቭ ጋይዶቹ (የቫልቮቹ ዘንግ በሚንሸራተትባቸው ቱቦዎች) በኩል እየገባ ነው፤ ዳገት ሲወጣ የሚጨስ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከፋሻዎቹ ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ችግሩ የዘይት መፍሰስና የፍሪሲዮን መንሸራተት ብቻ ከሆነ፣ እባክዎ ፒስቶኖቹንና የክራንክሻፍቱን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብሮንዚናዎች፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርባቸውን ማቀፊያዎች አይንኩ። አብረው ተላምደው የሚሠሩ ክፍሎችን ያለ ምክንያት መፍታት ቆሻሻ ማስገባት ነው እንጂ ጥቅም የለውም።

የእርስዎ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1969 ሥሪት ስለሆነች 1798 ሲሲው ሞተሯ ክራንክሻፍቱን በአምስት ቦታ የሚደግፍ ነው። እስከ 1964 መገባደጃ የተሠሩት ግን በሦስት ቦታ ብቻ ነበር የሚደግፉት፤ የኋላ ኦይል ሲልም ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ዕቃ ሲያዝዙ የሞተሩን ቁጥር ይስጡ። መፍቻዎችዎም በኢንች የተለኩ ይሁኑ። አብዛኛው ቡሎን የሚፈታው በግማሽ ኢንችና በ9/16 ኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር መፍቻ የሚገጥም ይመስላል፤ የጠበቀ ዳዶ ላይ ግን ማዕዘኑን ይበላዋል።

አወጣጡ ላይ ምክሬ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ይውጡ የሚል ነው። ሞተሩን ብቻውን ማውጣት ይቻላል፤ ሲመለስ ግን የካምቢዮውን ዘንግ በፍሪሲዮን ዲስኩ መሐል በጭፍን ማስገባት ይመጣል። የሞተሩ ክብደት ለአፍታም ቢሆን በዚያ ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል፤ የተጣመመ ዲስክ ደግሞ ማርሽ ሲገባ አይለቅም፣ ይጎትታል።

በመጀመሪያ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያሉትን ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ይፍቱ፤ ቀድሞ የሚፈታው ከቦዲው ጋር የተያያዘው ገመድ ነው። ኮፈኑን ከማውረድዎ በፊት የማጠፊያዎቹን ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፤ ሲመለስ ልክ ቦታው ላይ ይገባል። ውሃውን፣ የሞተሩን ዘይትና የካምቢዮውን ዘይት ያፍስሱ። ራዲያተሩ ከተሸከመው ቆርቆሮና ከዘይት ማቀዝቀዣው ጋር አብሮ ይውጣ። ካርቡራተሮቹን አውርደው የቴስታታውን አፎች በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ማርሚታውንም ከማኒፎልዱ ያላቁት። ገመዶቹ ሁሉ ከመፈታታቸው በፊት ፎቶ ተነሥተው ምልክት ይታሰርባቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያበላሻል። አንደኛው የሙቀት መለኪያው ነው። ከቴስታታው እስከ ዳሽቦርዱ የሚሄደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ከመለኪያው ጋር አንድ ወጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር በአንድ እጥፋት ከፈሰሰ ሙሉው መለኪያ ሞተ ማለት ነው። ዳዶውን ብቻ በጥንቃቄ ፈትተው፣ ጫፉን ሳያጣምሙ ስበው፣ ቱቦውን በሰፊ ክብ ጠቅልለው ወደ ጎን ይሰሩት። ሁለተኛው የፍሪሲዮኑ የታችኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት መስመሩን መክፈት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቡሎኖች ፈትተው ሲሊንደሩን እንዳለ ወደ ጎን ይሰሩት፣ ፒስቶኑ እንዳይወጣም በሽቦ ይያዙት። ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ።

ከውስጥ የማርሹ ዘንግ ይወጣል፤ ከሥር የፍጥነት መለኪያው ገመድና የካምቢዮው የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይለያያሉ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በካምቢዮው በኩል አራት ቡሎኖች አሉት፤ ሁለቱ ፊቶች በነበሩበት እንዲመለሱ ምልክት ያድርጉባቸው፣ አለበለዚያ ዘንጉ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በመጨረሻ ካምቢዮውን ከሥር በክሪክ ደግፈው ተሸካሚ ብረቱን፣ ቀጥሎም ሞተሩ ከፊት ያረፈባቸውን የጎማ መደገፊያዎች ይፍቱ።

ማንሳቱ ከሥራው ሁሉ አደገኛው ነው፤ አባቴ፣ ይህን ክፍል ብቻዎን እንዳይሞክሩት አደራ እልዎታለሁ። ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ክሬኑ ላይ የተጻፈው 1 ቶን ክንዱ ባጠረበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚችለው ክብደት በጣም ይወርዳል። እርስዎ በሚጠቀሙበት የክንድ ርዝመት ቢያንስ 500 ኪሎ የሚችል ይሁን። ሰንሰለቱ በሁለት ነጥብ ይያዝ፤ የሚይዙት ቡሎኖችም እስከ ጥርሳቸው መጨረሻ የገቡ ይሁኑ። በመካከል ማጋደያ ካለው የፊቱን ወደ ላይ፣ የካምቢዮውን ጭራ ወደ ታች ማዘንበል ቀላል ይሆናል። አንድ ሰው ክሬኑን ሲያነሳ ሌላው ጭራውን ይምራ፤ እጅም ሆነ እግር ከተንጠለጠለው ሥር አይግባ። እየተነሳ ከተያዘ አይታገሉት፣ ያልተፈታ ነገር አለና ፈልገው ያግኙት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የምድር ገመድ ነው። እንደወጣም ወዲያው መሬት አጠገብ ያውርዱት፤ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ሞተር ክሬኑን ሊገለብጥ ይችላል።

ካምቢዮው ሲላቀቅ የፍሪሲዮኑን አቧራ በአየር እንዳይነፉት። አሮጌ ዲስኮች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ሳንባ የሚጎዳ ነው። በውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉትና ጨርቁን በፌስታል አስረው ይጣሉት። ዲስኩ፣ ገፊው ሳህንና የካርቦኑ መግፊያ ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። የካርቦኑ መግፊያ ኳስ የሌለው፣ እየተፋተገ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ እግር ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት ቶሎ ይጨርሰዋል። ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ የነሐስ ቡሽም ትለወጥ። አዲሷ ዘይት የምትጠጣ በመሆኗ ከመግባቷ በፊት አንድ ሙሉ ቀን በሞተር ዘይት ውስጥ ትደር።

ሞተሩ ወጥቶ ሳለ ሊታለፍ የማይገባው ኋላው ነው፤ መኪናዋ ላይ እያለ የማይደረስበት እሱ ብቻ ነውና። የኋላውን ኦይል ሲልና የኋላ ሳህኑን ጓርኒሲዮን ይለውጡ። ከሳህኑ በስተኋላ የተደበቀውን የውሃ መድፈኛ ክብ ቆርቆሮም ዝገት ባይታይበትም ይቀይሩት፤ ነገ ቢበሳ ሞተሩ እንደገና መውጣቱ ነው። በጎን ያሉት ሁለቱ የታፔት (ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ለመክፈት የሚገፋቸው ክፍሎች) ክዳኖች ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ቆርቆሯቸው ይጎብጥና የቡሽ ጓርኒሲዮናቸው ያንጠባጥባል፤ ክዳኑን ቀና አድርገው በልኩ ብቻ ይሰሩት። የፊት ኦይል ሲል ሲገባ ደግሞ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት ክዳን ቡሎኖች ላላ ብለው ይቆዩ፤ መጀመሪያ ፑሌውን በሲሉ ውስጥ አሳልፈው ክዳኑ መሐሉን ከያዘ በኋላ ያጥብቋቸው። ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ከተዛነፈ አዲሱም ሲል ያፈሳል።

ልኬቱ ቴስታታው ይነሳ ካለ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ቫልቮቹን ከላይ ከሚጫኑት ሮከሮች እግር ዳዶዎች አራቱ የቴስታታው ዳዶዎችም ስለሆኑ እነሱን ብቻ መፍታት ቴስታታውን ያጣምማል፤ አስራ አንዱም ዳዶዎች በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይፈቱ። ሲመለስ ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር ይጥበቅ፤ የመጨረሻው ከ61 እስከ 68 ኒውተን ሜትር ነው። የድሮው ቴስታታ ለእርሳስ አልባ ቤንዚን አልተሠራም። የጭስ ቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ሲያስቸግርዎ ከነበረ መቀመጫቸው እየተበላ ነውና ጠንካራ ቀለበት ይግባባቸው። የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛው 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ለማስተካከል የ9 ደንብ ይበቃል፤ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን ያስተካክሉ፤ ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው።

የታችኛው ክፍል የሚከፈተው ግፊቱ ካስገደደ ብቻ ነው። ከተከፈተ ፒስቶኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት የኮኔክቲንግ ሮዶቹ ክዳኖች ከቁጥራቸውና ከጎናቸው እንዳይለዋወጡ። በፕላስቲጌጅ፣ ማለትም ሲጨፈለቅ በስፋቱ ክፍተቱን በሚያሳይ የፕላስቲክ ክር ሲለኩ የብሮንዚናው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው፤ ክሩ ውስጥ እያለ ክራንክሻፍቱ እንዳይዞር። ከዚያ በላይ ከሆነ ክራንክሻፍቱ ተሞርዶ በወፍራም ብሮንዚና ይገጠማል፤ የመጀመሪያው ደረጃ 0.254 ሚሊ ሜትር ነው። የዋናዎቹ ክዳኖች ጥብቀት 95 ኒውተን ሜትር፣ የሮዶቹ ከ47 እስከ 54 ነው። ከተሞረደ በኋላ የዘይት ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽና በቤንዚን ይታጠቡ፤ እዚያ የቀረ የብረት ደቃቅ አዲሱን ብሮንዚና ወዲያው ይፍቀዋል።

ከተገጠመ በኋላ ካምቢዮውም ሞተሩም አንድ ዓይነት 20ደብልዩ50 ዘይት ይቀበላሉ፤ ሞተሩ ከፊልትሮው ጋር 4.25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ እያረፉ ያዙሩት፤ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ ድረስ አያስነሱት። አዲስ ካምሻፍት ወይም ታፔት ከገባ እንደተነሳ በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ለ20 ደቂቃ ይሥራ፤ በዝግታ ከዞረ ታፔቶቹ ገና ሳይላመዱ ይበላሉ፣ ዘይቱም ዚንክ ያለበት ይሁን። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ተለውጦ፣ የቴስታታው ዳዶዎች በቀዝቃዛው ይፈተሹ፤ የቫልቭ ክፍተቱም እንደገና ይለካ።

ሞተሩን የማንሳቱን ሥራ እኔ ስመጣ እናድርገው። እስከዚያ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ከዘይት ጋርም ያለዘይትም፣ የሙቅ ዘይት ግፊቱንና የሞተሩን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ የሚታዘዙትን ዕቃዎች ከዚያ ተነስቼ አዘጋጃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ