ካርታውና ስልኩ ለምን አይስማሙም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ከድሮው 1፡50,000 ካርታ የተነበበ ነጥብ ስልክ ውስጥ ሲገባ ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። አንዱ «ካርታው አርጅቷል» ይላል፣ ሌላው «ስልኩ ነው የሚቀባጥረው»። ካርታውም ስልኩም ግን አልዋሹም። ካርታው አዲንዳን የተባለውን ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበትን የምድር ቅርጽና መነሻ) ይከተላል፣ ስልኩ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን የሳተላይት ዳተም። ሜዳ ላይ ቢሆን ብዙም ባልጎዳ፤ ጦሳ ተራራ ሥር ግን መቶ ሜትር ማለት ከገደሉ ማዶ ማለት ነው።

ነገሩ ከሳተላይት በፊት ይጀምራል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኒውተን ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ትላለች ሲል ፓሪስ ያሉት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ካሲኒዎች ተቃራኒውን ያዙ። ክርክሩን ለመቁረጥ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ በ1735 አንድ ቡድን የዛሬዋ ኢኳዶር ወዳለችበት አገር፣ በ1736 ሌላውን በሞፔርቱዊ መሪነት ወደ ሰሜን አውሮፓዋ ላፕላንድ ላከ። ኒውተን ትክክል ከሆነ የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ርዝመት ወደ ዋልታው ሲጠጉ መብለጥ አለበት።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር በዘንግ ይለካል፤ ከዚያ ከኮረብታ ኮረብታ ማዕዘን ብቻ እየተነበበ በሦስት ማዕዘን ሰንሰለት ይኬዳል፤ በመጨረሻ በሁለቱ ጫፎች የአንድ ኮከብ ማዕዘን ከአናት ይለካል። የላፕላንዶቹ መነሻ መስመራቸውን የዘረጉት በረዶ በሆነው የቶርኒዮ ወንዝ ላይ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መስመር ሁለት ቡድን በ30 ጫማ የጥድ ዘንግ ለክቶት የተለያዩት በአራት ኢንች ብቻ ነበር። ስህተቱ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ኮከብ ሲለካ የአንድ ሰከንድ ማዕዘን (የዲግሪ 1/3,600) ስህተት መሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ነው። ስዊድናዊው ስቫንበሪ በ1801–1803 ቦታውን ደግሞ ሲለካው የሞፔርቱዊ ዲግሪ ወደ 400 ሜትር ገደማ ረዝሞ ተገኘ። ደግነቱ ኒውተን ትክክል ነው የሚለው ድምዳሜ አልፈረሰም።

በአንዲስ ተራሮች ከኢኳዶሩ ቡድን አንዱ የሆነው ቡጌር ሌላ ጣጣ መረመረ፤ ትልቅ ተራራ ቱምቢን ወደ ራሱ ይስባል። በ1738 ቺምቦራዞ ላይ ሞክሮታል። የእኛም ችግር ሥሩ እዚህ ነው። አዲንዳን ግብፅና ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለች አንዲት ነጥብ ተነስቶ ከኮከብና ከቱምቢ የተሠራ ነው፤ ቱምቢው ስለሚሳብም መሃሉ ከምድር መሃል ጋር አይገጥምም። የሳተላይቱ ዳተም ግን ከምድር መሃል ይነሳል። አዲንዳን የሚጠቀምበት ክላርክ 1880 የተባለው የምድር ቅርጽም ከአዲሱ ትንሽ ይለያል።

መርከበኞችም የምድር ልኬትን ጥቅም አይተውታል። ፍጥነት የሚለካው ቋጠሮ ባለው ገመድ ነበር፤ የ30 ሰከንድ አሸዋ ወርዶ እስኪያልቅ ከእጅ የወጣው ቋጠሮ ይቆጠራል። የባሕር ማይሉ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ኬክሮስ (የዲግሪ 1/60)፣ 5,000 ጫማ ነው ተብሎ ቋጠሮው በ42 ጫማ ይታሰር ነበር። እንግሊዛዊው ኖርዉድ በ1635 ከለንደን እስከ ዮርክ ለክቶ አንድ ደቂቃ ኬክሮስ 6,120 ጫማ ያህል መሆኑን አገኘ፤ ስለዚህ የቋጠሮው ርቀት 51 ጫማ መሆን ሲገባው ለአያያዝ እንዲመች 50 ይሁን አለ። ብዙ ካፒቴኖች አጭሩን አልተዉም። አጭር ቋጠሮ መርከቡን ከሄደበት አልፎ የሄደ ያስመስለዋል፣ ካፒቴኑም የብስ ሳይደርስ ይጠነቀቃል። ፈሪ ስሌት ነው፣ ግን አላዋቂ አይደለም። ዛሬ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።

ቅየሳ ላይ ላላችሁ፦ መጀመሪያ የካርታውን ኅዳግ አንብቡና ዳተሙን ለዩ። በእጅ ጂፒኤስ ላይ ዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር የካርታ መረብ) ዞን 37ን፣ ከዝርዝሩ ደግሞ አዲንዳንን ምረጡ። ብዙ የስልክ መተግበሪያ ይህ ምርጫ ስለሌለው ቁጥሩ በሶፍትዌር ይቀየር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኮኦርዲኔቱ በታወቀ የቅየሳ ነጥብ ላይ ቆማችሁ አመሳክሩ። በጣም የሚያበላሸው በአዲንዳን የተመዘገበ ቁጥር ስሙ ሳይጻፍ ለሌላ ሰው ሲላክና ያኛው ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው ብሎ ሲያስገባው ነው። ከእያንዳንዱ የቁጥር ሰንጠረዥ አናት የዳተሙ ስም ይጻፍ።

የቅየሳ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ