ፖልካንም አንሱልን እንጂ!

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ሙዚቃ ስትጽፉ ሁሌ ጃዝና ብሉዝ ናቸው። ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች በአኮርዲዮን የሚጨፍሩበትን ሙዚቃ፣ ፖልካን ግን የሚያነሳው የለም።

ሚልዋኪ ውስጥ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። አንድ አዛውንት አኮርዲዮናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቁጭ አሉ። ገና ሲጀምሩት አያትና የልጅ ልጅ ተያይዘው መድረኩን ሞሉት። እኔም አልቀረሁም፤ እግሬ ግን ወደ እስክስታ እየሳበኝ ተቸገርኩ።

ከስሎቬኒያ ስደተኞች ተወልዶ ክሊቭላንድ ያደገው ፍራንኪ ያንኮቪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ሚልዋኪ ላይ ተወዳድሮ «የፖልካ ንጉሥ» ተባለ። በ1986 የመጀመሪያውን የፖልካ ግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ግራሚ ደግሞ በ2009 ዘርፉን ጭራሽ ሰረዘው። ደግ አላደረገም።

ከመድረክ ጀርባ የለፉትም አይረሱ። የቺካጎው ኤዲ ብላዞንቺክ ራሱ እየዘፈነ፣ በ1963 ባቋቋመው ቤል-ኤር የሌሎች ባንዶችን ሸክላ ያሳትም ነበር። የእኛን አምሃ እሸቴን ያስታውሰኛል። አምሃም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሸክላ ማሳተም ጀምሯል።

እስቲ በሚቀጥለው እትም ለእነዚህ ሰዎች አንድ ገጽ ስጧቸው። ፎቶም ካገኛችሁ አኮርዲዮኑ ይታይ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከቺካጎ