እህቱ ስትወድቅ ያልዞረው ልጄ

ውድ ወዳጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ ከልብ አፍራለሁና ይቅርታህን እለምናለሁ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ የትልቁ ልጄ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት የድብድብ ፊልም እያየ ሳለ ታናሽ እህቱ ከኋላው ከወንበር ላይ ወደቀች። ለቅሶዋን ሰምቼ ከጓዳ ሮጬ ስደርስ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ይደማል፤ እርሱ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ ለቅሶዋ እንዳይረብሸው በሪሞቱ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ ሌላ ልጅ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ።

ስንለያይ «ልጅ ያየውን ሁሉ አያደርግም» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነህ፤ የቤት ውስጥ ጠብና የጓደኛ ተጽዕኖም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 በ72 ሕፃናት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ የተመለከቱት ልጆች ምቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየው የተናገረውን ቃል ጭምር ደግመዋል፤ በ1963 ድብደባውን በፊልም ያዩትም እንዲሁ አደረጉ።

እኔን ግን ከመማታት ይበልጥ ያስጨነቀኝ አለመደንገጡ ነው። ድራብማንና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ ልጆች ከእነርሱ የሚያንሱ ሕፃናትን በቴሌቪዥን እያዩ እንዲጠብቁ፣ ችግር ከተፈጠረም ትልቅ ሰው እንዲጠሩ አደራ ተሰጣቸው። ሕፃናቱ ሲደባደቡ፣ አስቀድመው የጠብ ፊልም ያዩት ልጆች ካላዩት ይልቅ ለመጥራት ዘገዩ። ይህን ሳነብ የልጄ ጀርባ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑን ከመዝጋት ይልቅ አጠገቡ መቀመጥ ጀምሬአለሁ። አንዱ ተመትቶ ከደረጃ ሲንከባለል «ይህ ሰው አሁን ምን ይሰማዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም፤ እርሱ እኮ መጥፎው ነው» አለኝ። በእነዚህ ፊልሞች የተመታው ሲያቃስት አይሰማም፣ ቁስሉም ሲታጠብ አይታይም፤ ልጄ ታዲያ ሕመም መኖሩን ከየት ይማር?

አንተ ከልጆችህ ጋር ይህን እንዴት እንደያዝኸው፣ በተለይ ትንሹ ስታስረዳው ይገባው እንደሆነ፣ ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ። እህቱ ከንፈሯ ድኗል።

አክባሪ ወዳጅህ